አራት ነጥብ ኢቲ

ታዴዎስ ከጠዋት ጀምሮ ስልኩን ሲያነሳና ሲያስቀምጥ ነው ያረፈደው። እሱ ጸሐፊ የሆነበት የጫኖ ፍራፍሬ አምራቾች ማኅበር ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ስም የሙዝ ካርቶን ሊያሳትም ነው። እስከ ዛሬ የጫኖ ሙዝ አዲስ አበባ የሚገባው በነጋዴ ስም ነበር። ማተሚያ ቤቱ በካርቶኑ ላይ የሚወጣውን የድረ ገጽ አድራሻ እስከ ስድስት ሰዓት ካላገኘ ተራውን ለሌላ ይሰጣል፤ ያን ጊዜ የዘንድሮውም ምርት በሰው ስም መሄዱ ነው።

አድራሻው በምን ይጨረስ የሚለው ጉዳይ ማኅበሩን ሦስት ሳምንት አነታርኮታል። የሽያጭ ኃላፊዋ ጌጤ ነጥብ ኮም ይሁን ባይ ነበረች፤ በደቂቃ ይገዛል፣ ገዢም የለመደው እሱን ነው። ሊቀ መንበሩ አቶ ኦይታ ግን የአገሩን መለያ፣ ነጥብ ኢቲን መረጡ። ኮምን የባንክ ካርድ ያለው ሁሉ በግሉ ሊይዘው ይችላል፤ ኢቲ የማኅበሩን ማኅተም ስለሚጠይቅ ነገ ማንም ተነስቶ የእኔ ነው አይልም። ታዴዎስ ሁለቱም እውነት እንዳላቸው ያውቃል፤ እጁን ያወጣው ግን ለኢቲ ነው። በመጨረሻ ጉዳዩ ሽማግሌዎች በሚቀመጡበት ሸንጎ፣ በዱቡሻው፣ ሁሉም እስኪስማማ ተመክሮበት፣ እርጥብ ሣር ተይዞ ተመርቆ ተዘጋ።

አራት ሰዓት ላይ የኢቲ አድራሻ ከሚሰጠው መዝጋቢ መሥሪያ ቤት መልስ መጣ፦ በማኅበሩ የማመልከቻ ደብዳቤ ላይ ያለው ስም ከተሞላው ቅጽ ጋር አይመሳሰልም። ታዴዎስ ደብዳቤውን ከፍቶ አየ። ሃያ ዓመት በትየባ ያሳለፈችው ልክነሽ ከኢቲ በፊት አራት ነጥብ አስቀምጣለች።

«እትዬ ልክነሽ፣ አንድ ነጥብ ነበር እኮ ያልኩዎት።»

«ነጥብ አልከኝ፣ ነጥብ መታሁ። በአንድ ነጥብ የሚዘጋ ደብዳቤ ከዚህ ቢሮ ወጥቶ አያውቅም።»

ጌጤ ከት ብላ ሳቀች። «ታዴ፣ ኢቲህ በሦስት ነጥብ በልጣ ተመለሰችልህ።»

ማረሙ የደቂቃ ሥራ ነበር። ፈራሚው አቶ ኦይታ ግን ለቅሶ ሊደርሱ ካምባ ከተማ ሄደዋል። ጌጤ ሳቋን ትታ፣ የአጎቷ ልጅ አሁኑኑ ኮምን ገዝቶ በኋላ ለማኅበሩ ሊያዛውር እንደሚችል ነገረችው። ከልቧ ነበር። ታዴዎስ ለሊቀ መንበሩ ደወለና ለጊዜው እንዲያ ይሁን ወይ ብሎ ጠየቀ። ከወዲያ የአልቃሾች ድምፅ ይሰማል። ሽማግሌው ከለቅሶው ራቅ ብለው መለሱ።

«ልጄ፣ ሣር የተያዘበትን ቃል እኔ በስልክ አላፈርስም። ካጠፋንም አብረን እናጥፋ።»

ታዴዎስ መዝጋቢውን ጠየቀ። ስሙን የያዘው የለም፤ የታረመው ደብዳቤ በደረሰ ማግሥት ይጸድቃል፣ እስከዚያ ግን ዋስትና የለም አሉት። ቢሮው ውስጥ ሁለት ጊዜ ተመላለሰ። ለስድስት ሰዓት ሩብ ሲቀረው የኢቲውን አድራሻ ለማተሚያ ቤቱ ላከ።

«የሌለ አድራሻ ነው ያሳተምከው» አለች ጌጤ።

«ቀለሙ ሳይደርቅ እንዲኖር አደርጋለሁ።»

የታረመውን ደብዳቤ ሊያስፈርም በማኅደር ይዞ ወደ መናኸሪያ ሮጠ። የካምባው መኪና ሞልቶ ለመነሳት ሦስት ሰው ይጎድለዋል። መስኮት ዳር ተቀምጦ ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ማኅደሩን በብብቱ እንደያዘ ወረደና ከረዳቱ ጎን ቆሞ፣ ከነክራቫቱ፣ «ካምባ! ካምባ!» እያለ ይጣራ ጀመር።