ብቻዬን ተወዳድሬ ሁለተኛ የወጣሁበት ልብ ወለድ

ስለ ቬኒሱ መስፍን የጻፍኩት ልብ ወለድ ያለቀ ዕለት በሰሜን እንግሊዟ ደርሃም አገር ወፍ እንኳ ዝም አለ። እኔ ዊልፍ ሄዝሌደን፣ አውቶቡስ ጠጋኝ፣ ባሮ ሽንኩርት በማብቀል ደግሞ ከስኮትላንድ ወዲህ አቻ የሌለኝ ሰው ነኝ። ነገር ታጋንናለህ ይሉኛል፤ የወፉን ነገር ግን ሚስቴ ግሌንዳም አልካደችም። ዝም ነው ያለችው።

ከዚህ ዓለም የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መጽሐፌ ስሜን ለብሶ መደርደሪያ ላይ ሲቆም ማየት። ችግሩ ለንደን ናት። አሳታሚ ከደራሲ እጅ አይቀበልም፣ መጀመሪያ መጽሐፍህን የሚያሻሽጥልህ ወኪል ይዘህ ና ይልሃል። ወኪሉ ደግሞ ደብዳቤ ጻፍልኝ ይላል፤ ደብዳቤው ግርጌ ላይ ስለ ራስህ የምታወራባት ቦታ አለች። ምን አሳተምክ? ምን ተሸለምክ? እኔ ምንም። ያቺን ባዶ ቦታ ይዤ ለንደን ውስጥ ለሚተነፍስ ወኪል ሁሉ ጻፍኩ። ግማሾቹ "ለእኛ አይሆንም" አሉኝ፤ የቀሩት ያንን ማለትም ከበዳቸው።

"ሽልማት ከሌለኝ ሽልማት አቋቁማለሁ!" አልኳት ግሌንዳን።

"አንተ ሰውዬ፣ መጀመሪያ ቧንቧውን ሥራልኝ።"

የመንደራችን የባሮ ሽንኩርት ማኅበር በየመስከረሙ የአትክልት ትርኢትና ውድድር አለው። የኮሚቴውን ሰዎች ስለፈልፍባቸው ከረምኩና፣ በውድድሩ ዝርዝር ከካሮት ቀጥሎ ልብ ወለድ እንዲገባ አስወሰንኩ። ዳኛው ያው የባሮው ዳኛ ኤርኒ ፓቲሰን ነው፤ ጡረታ የወጣ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ፣ ከተወለደ ጀምሮ ያልሳቀ ሽማግሌ።

በትርኢቱ ዕለት ጠረጴዛው ላይ የቀረበው ልብ ወለድ የእኔ ብቻ ነበር። ኤርኒ አነሣው፣ በእጁ መዘነው፣ አሸተተው። ከዚያ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ማንበብ ጀመረ፤ ካሮቶቹ እስኪጠወልጉ ድረስ አነበበ። ሲጨርስ ካርድ አስቀመጠበት። ካርዱ "ሁለተኛ" ይላል።

"ጋሼ ኤርኒ! ብቻዬን እኮ ነው የተወዳደርኩት!"

"ለዚያ ነው ሦስተኛ ያልወጣኸው።"

"አንደኛው ማነው ታዲያ?"

"ማንም። የሚገባው ከሌለ አንደኛ አይሰጥም፤ ለባሮውም ሕጉ እንደዚያ ነው። መጽሐፍህ ያ የመስፍኑ ሠርግ ድግስ ጋ እንደ መጥፎ ባሮ ወገቡ ላይ አብጧል።"

ቢሆንም ሁለተኛ ሁለተኛ ነው። "በሰሜን እንግሊዝ እጅግ በሚፈራው ሽልማት ሁለተኛ" ብዬ ደብዳቤውን እንደገና ላክሁ። በሳምንቱ ስልክ ተደወለ፤ ክሬሲዳ ቬን የምትባል ወኪል፣ ራሷ!

"አቶ ሄዝሌደን፣ እንኳን ደስ አለዎት" አለች። "አንደኛ የወጣውን ሰው ሊያገናኙኝ ይችላሉ?"

ምላሴ ከእኔ ቀደመ። "ሰው አይቀርብም፤ ዓይን አፋር ነው። መጽሐፉን ግን በእኔ በኩል ይልክልዎታል።"

ያንኑ መስፍን ርእሱን ቀይሬ፣ ሽፋኑ ላይ መጀመሪያ የመጣልኝን ስም፣ "ኤርኒ ፓቲሰን" ብዬ ጽፌ ላክሁላት። ብዙም ሳይቆይ ደወለች።

"እንቅልፍ አጣሁ! የሠርጉ ድግስ ላይ ስደርስማ አለቀስኩ። አቶ ፓቲሰንን ይዘውልኝ ይምጡ።"

ኤርኒን ጓሮው ሄጄ ሁሉንም ነገርኩትና "ጋሼ ኤርኒ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ደራሲ ይሁኑልኝ" አልኩት።

"ድግሱ ላይ አለቀሰች?"

"አለቀሰች።"

"ወይ ጉድ! ስማ አንተ፣ እኔ ባላበቀልኩት ባሮ ላይ ስሜን ለጥፌ አላውቅም። ዛሬውኑ አንሣው።"

ቤት ስገባ ግሌንዳ ስልኩን ፊቴ አኖረችው።

"ደውልና እውነቱን ንገራት።"

"ብነግራት ትተወኛለች!"

"ትተውህ! መጽሐፍህ የኤርኒን ስም ለብሶ መደርደሪያ ላይ ቢቆም ይሻልሃል?"

ይህ ወጋኝ። ደወልኩ፤ አንድም ሳልጨምር ነገርኳት።

"ሁለተኛው እርስዎ ነዎት ማለት ነው?"

"ሁለተኛውም፣ ብቸኛውም እኔ ነኝ።"

ሳል የመሰለ ድምፅ ሰማሁ፤ ለካ እየሳቀች ነው። "ያለቀስኩበት መጽሐፍ ያው ነው" አለች። "ውሉን በስምዎ እልካለሁ። ግን ለአሳታሚዎቹ ስለ ደራሲው የምለው ያስፈልገኛል። እባክዎ፣ ስለ ራስዎ አንድ እውነት ይንገሩኝ።"

"ባሮ ሽንኩርት አበቅላለሁ።" በዕድሜዬ ይህን የሚያህል አጭር ነገር ተናግሬ አላውቅም።

"ደስ ይላል! ትልልቅ ናቸው?"

እግዜር ያውቃል፣ ራሴን ለመያዝ ሞክሬያለሁ።

"ወይዘሪት ቬን፣ የአምናውን የነቀልነው በክሬን ነው።"

"ዊልፍ!" አለች ግሌንዳ ከወጥ ቤት።

"በትንሽ ክሬን" አልኩ።