የእትዬ ጤናዬ ኮከብ

«ወራጅ አለ» አለ ሮቤራ፤ ታክሲው ፌርማታው ላይ እስኪደርስ እንኳ አልጠበቀም። ቤተ ክርስቲያኑ ገና ሩቅ ነበር፤ ግን ከአየር ጤና ወደ ቤቴል የሚወስደው መንገድ ተዘጋግቶ መኪኖቹ ለዛሬ እዚያው የሚያድሩ ይመስሉ ነበር። ከረባቱን ወደ ትከሻው ወርውሮ መሮጥ ጀመረ። በዚህ ሰፈር በከረባት የሚሮጥ ሰው ወይ ሌባ የሚያባርር ነው ወይ የዘገየ ሚዜ። እሱ ሁለቱንም አልነበረም። ሥራ የሌለው ሰው ነበር።

በእጁ የጨበጠው ስልክ ላይ እንዲህ የሚል መልእክት ተከፍቷል፦

«ቅዱሳን ሆይ ሮቤራ_ከሥራ_መባረሬን_ሚስቴ_ሳትሰማ ሳያት_ባል_እንዲሰጠኝ ዳባ_ከባለቤቴ_ጋር_እንድታረቅ ጤናዬ_ልጄ_መጠጥ_እንዲተው የዛሬው ጾም ጸሎት በአዲሱ አዳራሽ ነው ሮቤራ_ከሥራ_መባረሬን...»

ዝርዝሩ ይቀጥላል። የሁሉም ስም ሁለት ሁለት ጊዜ ተጠርቷል።

ይህን ያደረገው ማንም ሳይሆን ራሱ ሮቤራ የጻፈው ስክሪፕት፣ ትንሽ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ነው። ስክሪፕቱ ለቤተ ክርስቲያኑ ሁለት ነገር ይሠራል። አንደኛው፣ ምዕመናን በስልክ የሚልኩትን የጸሎት ርዕስ እየተቀበለ፣ በላኪው ስምና በመጀመሪያዎቹ ቃላት ሰይሞ፣ ፓስተር የኔሰው ብቻ እንዲያነቡት በታሰበ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። ሁለተኛው፣ የእትዬ ጤናዬን ማስታወቂያ ለምዕመናን ሁሉ ይልካል። ከመላኩ በፊት ግን ለማረጋገጫ ወደ ሁለት ስልክ ብቻ ይሄዳል፤ ወደ እሱና ወደ እትዬ ጤናዬ። ከዚያ የምሳ ሰዓት ሲሆን፣ ማንም ሳይነካው፣ ለሁሉም። «በራሱ ነው የሚሠራው» ብሎ የተኩራራው በዚህ ነበር። አሁን በራሱ ሊሠራው ነው።

ከሚቀበሉት መካከል ደግሞ ማራናታ አለች። ሚስቱ። ድርጅቱ ሠራተኛ ሲቀንስ እሱ መቀነሱን ያልነገራት፣ ዛሬም ጠዋት የሸሚዙን ኮሌታ አስተካክላ «ሥራ አይደክምህ» ብላ የሸኘችው። ከቤት ወጥቶ ቀኑን የሚገፋው አሥራ ስምንት ማዞሪያ ካለ ካፌ በረንዳ ላይ፣ አንድ ማኪያቶ እስከ ቀትር እየጠጣ ነው። መልእክቱም የደረሰው እዚያው ነበር።

የሰፈሩ መብራት በየቀኑ ይጠፋል። ዛሬ አልጠፋም። ሮቤራ እየሮጠ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መብራት እንዲጠፋ ጸለየ። የጁስ ቤቱ መፍጫ ግን እስከ አስፋልቱ ድረስ ይጮኻል።

እትዬ ጤናዬ የቢሮው በር ላይ ቆመው ነበር፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ስልኩን ከሰውነታቸው አርቀው ይዘው። የጸሎት ቡድኑ መሪ ናቸው፤ ማስታወቂያ የሚጽፉትም እሳቸው ናቸው።

«ሮቤ፣ ምንድን ነው የላክህልኝ?»

«አይክፈቱት እትዬ።»

«ከፍቼ ነው እንጂ የምጠይቅህ። እኔ የጻፍኩት ሁለት መስመር ነው። ይሄ የመራጮች ምዝገባ ይመስላል።»

የቢሮውን ቁልፍ ተቀብሎ ገባና ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። የቀረው ጊዜ ጥቂት ነው። አስተዋይ ሰው መጀመሪያ የመልእክቱን መላክ ያስቆማል። ሮቤራ ግን መጀመሪያ ያደረገው ፎልደሩን ከፍቶ አንዲት ፋይል ማጥፋት ነበር። የራሱን።

ከኋላው እትዬ ጤናዬ መነጽራቸውን አውርደው ስክሪኑን ያዩ ነበር። ድምፃቸውን አላነሡም።

«የኔስ እዚያው ይቅር?»

ጆሮው ጋለ። የመልእክቱን መላክ አስቆመና ስክሪፕቱን ከፈተ። ሲያየው ገባው። እትዬ ጤናዬ እስካለፈው ሳምንት ድረስ ዓረፍተ ነገሮቻቸውን በሰረዝ ይለያዩ ነበር። አዲስ ስልክ ከያዙ ወዲህ ግን የኮከብ ምልክት ለምደዋል፤ ከ«ሆይ» በኋላ አንድ፣ ከ«አዳራሽ ነው» በኋላ አንድ።

«እኔ ኮከብ ብጽፍ ይሄ ሁሉ ሰው ከየት መጣ?»

«ጽሑፍዎን ቫሪያብል ውስጥ ነው የማስቀምጠው፤ ስም የተጻፈባት ሣጥን በሏት። ከሣጥኗ ሳወጣው በጥቅስ ምልክት ማጠር ነበረብኝ፤ አላጠርኩም። ያልታጠረች ኮከብ ለኮምፒውተሩ ጌጥ አይደለችም። እዚህ ፎልደር ውስጥ ያለውን ሁሉ በስሙ ጥራልኝ ማለት ናት።»

«ሁለት ኮከብ ስለሆነ ሁለቴ ጠራን?»

«ሁለቴ።»

«ታዲያ ላውጣዋ። ግን ያለ ኮከብ የቀብር ጥሪ ይመስላል።»

«ተዉት። ጥፋቱ የኮከቡ አይደለም።»

ይህንኑ ጥያቄ እሱ ራሱ፣ በቀድሞው መሥሪያ ቤቱ፣ ለሥራ አመልካቾች ይጠይቅ ነበር። ኮከቧን ማጠር የረሳን አንድ ልጅ «መሠረታዊ እውቀት ይጎድለዋል» ብሎ ጥሎታል። የልጁ ፊት አሁን ከስክሪኑ ጥግ የሚያየው መሰለው።

በቫሪያብሏ ግራና ቀኝ የጥቅስ ምልክት አደረገ። ወረድ ሲል ሌላ ቦታ ራቁቷን አገኛት፤ እዚያም አጠራት። ሞከረ። ኮምፒውተሩ ስህተት አለ ብሎ ቆመ። በጥድፊያ የጥቅሱን መክፈቻ አድርጎ መዝጊያውን ረስቶ ኖሯል። እትዬ ጤናዬ ዓይናቸውን ጨፍነው በለሆሳስ መጸለይ ጀመሩ፤ በኢየሱስ ስም፣ ስለ ስክሪፕቱ። መዝጊያውን ጨምሮ እንደገና ላከ።

ሁለቱም ስልኮች አብረው ጮኹ። ለማየት ሁለቱም ፈሩ።

«ቅዱሳን ሆይ * የዛሬው ጾም ጸሎት በአዲሱ አዳራሽ ነው * በጊዜ ተገኙ።»

«ኮከቤ» አሉ እትዬ ጤናዬ በእፎይታ። ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ስለ ልጄ የተጻፈውን አይተሃል?» ሲሉ ጠየቁት።

«አላየሁም እትዬ።»

«ተባረክ። እኔም ያንተን አላየሁም።» ቦርሳቸውን አንሥተው ወደ በሩ ሄዱና ቆሙ። «ያላየሁትን ነገር ግን ለማራናታ ቶሎ ንገራት።»

ማስታወቂያው ሰዓቱን ጠብቆ ለሁሉም ሄደ። ወዲያው መብራት ጠፋ። የሮቤራ ጸሎት ዘግይቶም ቢሆን ተሰምቷል።

በጨለመው ስክሪን ፊት ብቻውን ተቀመጠ። የሳያትም፣ የዳባም፣ የእትዬ ጤናዬም የጸሎት ርዕስ ፓስተሩን እየጠበቀ ነው። የእሱ ብቻ የለም። እንደገና ሊልከው ስልኩን አወጣና ለቤተ ክርስቲያኑ ቁጥር መጻፍ ጀመረ፦ «ከሥራ ከተባረርኩ ሰነበትኩ፤ ሚስቴ ሳትሰማ ሌላ ሥራ እንዲሰጠኝ።»

አንብቦ «ሚስቴ ሳትሰማ» የሚለውን አጠፋ። ትንሽ አሰበና የቀረውንም አጠፋው፤ «ከሥራ ከተባረርኩ ሰነበትኩ» የሚለውን ብቻ ተወ። ከዚያ ከላይ ያለውን የቤተ ክርስቲያኑን ቁጥር አንሥቶ በቦታው «ማራናታ» ብሎ ጻፈ።