የሻምበል ደባልቄ መርዶ

ፀሐዩን በስሙ ከሚጠሩት ሰዎች ይልቅ «ሻምበል» የሚሉት ይበዛሉ። ወታደር ሆኖ ግን አያውቅም። ባሕር ማዶ፣ አርሊንግተን ውስጥ አንድ ሆቴል በር ላይ ቆሞ የእንግዶችን ቁልፍ እየተቀበለ መኪና የሚያቆም፣ አርባ አራት ዓመት የሞላው፣ ሰው ፊት ሲናገር ላብ ላብ የሚለው ሰው ነው። ሻምበልነቱን ያገኘው ከፊልም ነው።

ፊልሙ «ፓርኪንጎቹ» ይባላል፤ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሰባት የወጣ ነው። ያነሣው በሌላው ቀን የሠርግ ቪዲዮ የሚቀርጸው ያሬድ ሲሆን፣ ተዋናዮቹም ከሥራ ሲወጡ የሚመጡ ወዳጅና ጎረቤቶች ነበሩ። መኪና አቋሚ የሆኑ ሐበሾች እግር ኳስ ሊጫወቱ ሜዳ ይጠይቃሉ፤ ፎርሙን ሳያነቡ ስለፈረሙ ግን የቤዝቦል ውድድር ውስጥ ተመዝግበው ይገኛሉ። መቅረት ያስቀጣል ሲባሉ ጊዜ ይጫወታሉ። የቡድኑ አምበል ሻምበል ደባልቄ፣ ማለትም ፀሐዩ፣ ኳሷን በመታ ቁጥር ዱላውን ጥሎ መሮጥ ሲገባው ታቅፎት ይሮጣል። ዳኛው «ጣለው!» ብለው ሲጮኹበት ሳይቆም ዞሮ፣ «መሣሪያ ጥሎ የሚሮጥ ወታደር የት አይተዋል?» ይላል።

ይህቺ አንዲት አባባል ሐበሻ የሚበዛበትን ሲልቨር ስፕሪንግን አዳረሰች። ፀሐዩ ሱቅ ሲገባ እንጀራ የሚሸምቱት ሰዎች ዘንቢላቸውን ታቅፈው ይሮጡለት ነበር። አዲስ አበባ ያሉት እናቱ እማማ ተናኘ ፊልሙን ሰፈሩን ሰብስበው ሦስት ጊዜ አሳዩት። ሰው ፊት አንደበቱ የሚታሰረው ፀሐዩ፣ ካሜራ ፊት ሲቆም ብቻ ምላሱ ተፈትቶ፣ ሰውነቱ ቀልሎት፣ ራሱን ሌላ ሰው ሆኖ አገኘው። ያንን ሌላውን ሰው ወደደው።

ስለዚህ በሁለት ሺህ ዘጠኝ መጨረሻ ያሬድ «ቁጥር ሁለትን እንሠራለን» ሲል፣ ፀሐዩ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ አንድ ነገር አጥብቆ ፈለገ። ሻምበል በዚህኛው ፊልም ቤዝቦሉን ከልቡ መጫወት የሚችል ሰው ሆኖ እንዲመጣ ፈለገ። ሰው እንዲስቅ፣ ኋላ ግን ዝም እንዲል።

ለባልንጀራው ለልሳነወርቅ ይህንኑ ነገረው። ልሳነወርቅ ታክሲ ነጂ ነው፤ በፊልሙ የሻምበልን ምክትል ይጫወታል፤ ቀልዶቹን ከያሬድ ጋር ተቀምጦ የሚጽፈውም እሱ ነው። የሚኖረው አስፐን ሂል ስለሆነ ፀሐዩ በየእሁዱ ከቅዳሴ መልስ የወንዙን ድልድይ ተሻግሮ ይሄድና፣ ከአንድ ትምህርት ቤት ጀርባ ባለ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። ልሳነወርቅ ይወረውራል፣ ፀሐዩ ይመታል። በጥር ብርድ መዳፉ ተሰነጠቀ። በየካቲት ከአሥር ሦስቱን መምታት ጀመረ። በመጋቢት ስድስቱን።

«አንተ ሰውዬ አበድክ፤ ነገ ቡድን ይገዛሃል» ይለዋል ልሳነወርቅ።

«ወርውር ባክህ!»

ከዚያ ልሳነወርቅ ምሳ ይጋብዘዋል። በየሳምንቱ ምሳ መጋበዝ ልማዱ አልነበረም፤ ፀሐዩ ግን ልብ አላለውም። ልብ ያላላቸው ሌሎችም ነገሮች ነበሩ። በፊልሙ ሚስቱን የምትጫወተው ሸዋዓለም ሱቅ ውስጥ ስታገኘው አንገቱን አቅፋ ቆየችና ዓይኗን ጠረገች፤ ችግር ገጥሟት ይሆናል ብሎ አለፈው። ያሬድን ስክሪፕቱን ሲጠይቀው «እየተጻፈ ነው ወንድሜ፣ አንተ ብቻ ጤናህን ጠብቅ» አለው። በመጨረሻም በሱፍና በከረባት የተነሣው ጥሩ ፎቶ እንዲልክ አዘዘው። ለፖስተሩ ይሆናል ሲል አሰበ ፀሐዩ። ፎቶ ቤት ሄዶ ተነሣ፤ ከስምንቱ ውስጥ ፈገግ ያለበትን መርጦ ላከ።

ቀረጻው በሚያዝያ የመጀመሪያው ቅዳሜ ሊጀመር ተቆረጠ። ፀሐዩ ከሆቴሉ ሁለት ሳምንት ኦፍ ወሰደ። ያሬድ «ከጠዋቱ በሁለት ሰዓት መጥተን እንወስድሃለን» ብሎታል። ገና ሰማዩ በቅጡ ሳይለይ ተነሥቶ፣ የሻምበልን መለዮ ተኩሶ ወንበር ላይ ሰቅሎ፣ ጺሙን ግማሹን እንደተላጨ በሩ ተንኳኳ።

ከፈተ።

አራት ሰዎች ቆመዋል። ከፊት ጋሽ ወልደአምላክ፣ በፊልሙ ዳኛ የሚሆኑት ሽማግሌ፣ ጥቁር ካፖርት ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ከኋላቸው ሸዋዓለም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ያሬድ መሬት መሬት ያያል። ልሳነወርቅ ከሁሉም ኋላ፣ ከግድግዳው ተጠግቶ ቆሟል። ማንም ደህና አደርክ አላለውም።

እንዲህ ያለ ማለዳ ምን ይዞ እንደሚመጣ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል። መርዶ የሚረዳው እንዲህ ነው፤ ሰውየው ተኝቶ፣ በልቶ፣ ሳይጠረጥር ከርሞ፣ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌ ከፊት አስቀድመው በሩ ላይ ይቆማሉ።

«እናቴ ናት?» አለ ፀሐዩ።

አራቱም ደነገጡ። ነገሩን እንዲናገሩ የተመረጡት ጋሽ ወልደአምላክ ነበሩና ሦስቱ እሳቸውን አዩ። እሳቸው ደግሞ መንገዱን ሁሉ ሲያጠኑት የመጡትን ከመናገር በቀር ሌላ አልመጣላቸውም።

«ልጄ፣ ሰው ሆኖ የማይሞት የለም...» ብለው ጀመሩ።

ፀሐዩ ሁለት እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ፣ በረዥሙ እንደሚተነፍስ ሰው አፉን ከፍቶ፣ ቀስ ብሎ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ድምፅ አልወጣውም። ሳሙናው ከጉንጩ ላይ ይንጠባጠባል።

«ኧረ እማማ አይደሉም!» ብሎ ጮኸ ልሳነወርቅ ከኋላ። «ጋሼ፣ ምን ነካዎት! ፀሐዩ፣ እማማ ደህና ናቸው! ሻምበል ነው!»

«የቱ ሻምበል?»

«ሻምበል ደባልቄ።»

ፀሐዩ ቀና ብሎ አየው። «እኔ?»

«አንተ ሳትሆን... እሱ። በፊልሙ። በቁጥር ሁለት ሞቷል።»

ፀሐዩ ግድግዳውን ይዞ ተነሣ፤ ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ አነሣና እናቱ ጋ ደወለ። አራቱ ሰዎች ደጃፉ ላይ እንደቆሙ ስልኩ ሲጠራ ይሰማሉ። አምስት ጊዜ ጠራ።

«አቤት!» አሉ እማማ ተናኘ። «ምነው በዚህ ሰዓት? እዚያ ሌሊት አይደል?»

«ነግቷል እማዬ። ደህና ነሽ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ፤ ምሳ ልበላ ነው። ድምፅህ ምን ሆነ?»

«አሁን ከእንቅልፌ ተነሥቼ ነው።»

«ዛሬ አይደል የምትጀምሩት? ለጎረቤቱ ሁሉ፣ ለውብነሽም ነግሬያቸዋለሁ። ያቺ ውብነሽ ምን አለችኝ መሰለህ፣ አሁንስ ዱላውን ጥሎ መሮጥ ይማር ይሆን ወይ አትለኝም! ተምሯል አልኳት። ተምረህ የለ?»

«ተምሬያለሁ እማዬ።»

«በል በርታልኝ። ጓደኞችህን ሰላም በልልኝ፤ ያንን ልሳነወርቅን በተለይ፣ እሱ የሚያስቀኝን።»

ፀሐዩ ስልኩን ዘጋ። «ሰላም ብላችኋለች» አለ። ከዚያ በሩን ትቶላቸው ገባ። ተከትለውት ገቡና፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው በሶፋው ጫፍ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

ያሬድ ማስረዳት ጀመረ። «ፀሐዩ፣ ስማኝ። ሁለተኛ ፊልም አዲስ ነገር ይፈልጋል። አምበሉ ይሞታል፣ ቡድኑ ያለ አምበል ይቀራል፣ ለእሱ መታሰቢያ ሲል ይጫወታል። ሰው ያለቅሳል፣ ይስቃል። አንተን ለማክበር ነው ይሄ!»

«እንዴት ነው የሞትኩት?»

«እ?»

«ሻምበል። እንዴት ነው የሚሞተው? እናንተ አይደላችሁ የጻፋችሁት?»

ያሬድ ልሳነወርቅን አየ። «አይታይም። በስልክ ነው የሚሰማው። ፊልሙ ሲጀመር ሞቶ ነው።»

«እሺ» አለ ፀሐዩ። «አምበሉስ ማነው?»

 ጋሽ ወልደአምላክ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዟዟሩት። ሸዋዓለም ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች። ፀሐዩ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲያይ ዓይኑ ልሳነወርቅ ላይ ደረሰና ቆመ።

«ምክትሉ ነዋ የሚተካው» አለ ልሳነወርቅ። «ወጉም እንደዚያ ነው።»

«መቼ ተጻፈ?»

«ምኑ?»

«መሞቴ።»

ልሳነወርቅ ጫማውን አየ። «በገና ሰሞን።»

ፀሐዩ ቆጠረ። ገና፣ ጥምቀት፣ ዐቢይ ጾም። ከገና ወዲህ አሥራ ሁለት እሁድ ሜዳው ላይ ውለዋል።

«ኳሱን ስትወረውርልኝ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ስድስት ስመታ፣ ቡድን ይገዛሃል ስትለኝ?»

«እንዳይከፋህ ብዬ ነው። ቀስ ብሎ ይነገረው፣ ሲደላው ይነገረው እያልን... አንተም እኮ ሜዳ ላይ ደስ ብሎህ ነበር። ደስታህን ላበላሽብህ?»

«ሁላችንም ነን ያጠፋነው» አሉ ጋሽ ወልደአምላክ። «አንዱ በአንዱ ሲያሳብብ ጊዜው ሄደ። ዛሬ ደግሞ ቀረጻው ደረሰ። እንግዲህ በወጉ እናርዳው፣ ሽማግሌ ይዘን እንሂድ አልን። እንዲህ ትደነግጣለህ ያለ የለም።»

«በስልክ ብትነግሩኝ ይበቃኝ ነበር፣ ጋሼ። በእርስዎ ማን ቅር ይሰኛል? ግን በስልክ ይበቃኝ ነበር።»

ሸዋዓለም ከመጣች የመጀመሪያዋን ቃል ተናገረች። «እኔ ለቅሶውን ስለማመድ ነው የከረምኩት» አለች። «ሥራ ቦታ የምጠብቃቸውን ሕፃናት አስተኝቼ ሙሾ እገጥማለሁ። የመጀመሪያውን ስንኝ ገጥሜ ሁለተኛው እምቢ ይለኛል። አሁን በሩን ስትከፍት መጣልኝ።» ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት፣ ጣሪያውን እያየች በለሆሳስ አለችው፦

«ዱላ ይዞ እየሮጠ ሰውን ያሳቀው፣
መሞቱን ግን ለራሱ ማን አሳወቀው?»

 ለጥቂት ጊዜ ሁሉም በእውነት ያፈሩ መሰለ። ያሬድ ግን እጁን አጨበጨበ።

«በሕልም ብናመጣውስ?» አለ እየፈነደቀ። «ልሳነወርቅ ከመጨረሻው ጨዋታ በፊት ይተኛል፣ ሻምበል ነጭ ለብሶ በሕልሙ ይመጣበታል! ሁለት ደቂቃ። ፀሐዩ፣ ምን ይመስልሃል? አለህበት ማለት ነው!»

የፀሐዩ ልብ ዘለለ። በራሱ ተናደደ፤ ግን ዘለለ። ሁለት ደቂቃ ካሜራ ፊት፣ ያ ሌላው ሰውዬ ሆኖ። እናቱም ያዩታል። መለዮው እንደተተኮሰ ወንበሩ ላይ ነው።

«ኳስ እመታለሁ?» አለ።

ያሬድ አሰበ። «አይ፣ ዱላው የልሳነወርቅ ነው የሚሆነው። አንተ ዳር ቆመህ ፈገግ ትላለህ። ባርከኸው ትጠፋለህ።»

«አልመጣም» አለ ፀሐዩ።

«ፀሐዩ...»

«አልመጣም። ፎቶዬን መልስልኝ።»

ያሬድ ተቅለሰለሰ። ፎቶው መኪናው ውስጥ ነው፤ ፍሬም ተገዝቶለት ጥቁር ሪባን ታስሮበታል፤ ለቅሶ ቤቱ ሲልቨር ስፕሪንግ ተዘጋጅቶ ሃያ ሰው እየጠበቀ ነው፤ ያለ ፎቶ እንዴት ይለቀሳል? ይህን ሁሉ ደረደረ። ጋሽ ወልደአምላክ ብድግ አሉ።

«ስጠው አልኩህ! በቁሙ ነው እንዴ ፎቶውን ተክላችሁ የምታለቅሱበት? ባዶ ፍሬም አቁሙ!»

ሸዋዓለም ቁልፉን ከያሬድ ተቀብላ ወረደችና ፎቶውን ይዛ ተመለሰች። ሪባኑን ደረጃው ላይ ፈትታዋለች። ፀሐዩ ፎቶውን ተቀብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አስቀመጠው።

ለመሄድ ሲነሡ ልሳነወርቅ ወደ ኋላ ቀረ። «እሁድ ሜዳ ትመጣለህ?» አለው ቀስ ብሎ። «እንጫወታለን፣ እንዲሁ። ያለ ፊልም።»

ፀሐዩ ፊቱን ሲያየው ልሳነወርቅ የእውነቱን እንደሆነ ገባው። ያመመውም ይኸው ነው።

«ሰዎቹ እየጠበቁህ ነው» አለው።

በሩ ተዘጋ። ፀሐዩ ከበሩ ጀርባ እንደቆመ ደረጃውን ሲወርዱ ድምፃቸው ይሰማው ነበር።  ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ያሬድ «በቃ ቀኑ ሄደ» አለ። ከዚያ የልሳነወርቅ ድምፅ ተሰማ፤ ቀልድ ሲጽፍ የሚያወጣት፣ ፈጠን ፈጠን የምትል ድምፁ።

«ቆይ ቆይ። ፊልሙ በዚህ አይጀምርም? ሽማግሌ ይዘው በጠዋት ያንኳኳሉ። ሰውዬው ሳሙናው ፊቱ ላይ እንዳለ ይከፍታል። 'እናቴ ናት?' ይላል። ጋሼ ደግሞ 'ሰው ሆኖ የማይሞት የለም'...»

የእርምጃቸው ድምፅ ቆመ። ከዚያ ያሬድ ሳቀ። ሸዋዓለም «ነውር ነው!» አለች፤ እሷም ግን መሐሉ ላይ ፍርፍር ብላ ሳቀች። የጋሽ ወልደአምላክ ሳል መሳይ ሳቅም ተከተለ።

ፀሐዩ ወደ መስኮቱ ሄደ። አራቱም ታች መኪናው አጠገብ ቆመዋል። ያሬድ በሁለት እጁ አራት ማዕዘን ሠርቶ እንደ ካሜራ ዓይኑ ላይ አድርጓል። ልሳነወርቅ የመኪናውን በር ከፈተ፣ ሰዎቹን አየ፣ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ እየጮኸ አስፋልቱ ላይ ወደቀ። ተነሥቶ አቧራውን አራገፈ። ያሬድ አንድ ነገር አለው፤ ልሳነወርቅ እንደገና በሩን ከፈተ፣ እንደገና እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ወደቀ።

እንደዚያ አልነበረም። እጁ ሆዱ ላይ ነበር፤ አልጮኸም፤ አልወደቀም፤ ቀስ ብሎ ነው የተቀመጠው። ፀሐዩ ይህን ያውቃል፤ መስኮቱን ከፍቶ አንድ ቃል ቢጥልላቸው ትዕይንቱ ይቃና ነበር። እጁ የመስኮቱ መክፈቻ ላይ አርፏል። ልሳነወርቅ ለሦስተኛ ጊዜ ወደቀ፤ አሁንም ተሳሳተ።

ፀሐዩ መጋረጃውን ጋረደና የቀረውን ግማሽ ጺሙን ሊላጭ ገባ።