በኢስታንቡል ወንዝ ሲሞላ

የቴሌቪዥን ሰው ችኩል ነው ይባላል፤ መምሬ ገብረ አማኑኤል ግን ባሱ። የሰርካለም ቡድን ሞላሌ ደርሶ መብራቱን ከመኪና ሳያወርድ፣ ካሜራማኑ ቴዎፍሎስ የካሜራውን እግር ገና ሲተክል፣ መምሬ ሁለቱን ወንድማማቾች አስተቃቅፈው፣ መስቀል አሳልመው፣ ጨርሰው ቁጭ ብለዋል።

«አባቴ፣ ምን አደረጉኝ!» አለች ሰርካለም ራሷን ይዛ።

«ልጄ፣ እነዚህን ሁለት ሰዎች አንድ አግዳሚ ላይ ካየኋቸው አሥር ዓመት አለፈኝ። አምፖልሽ እስኪበራ ብጠብቅ ሰይጣን ይቀድመኝ ነበር።»

የጸባቸውንም ነገር አላስቆጠሩም። ወንድማማች ነገር ሲቆጥር እንደገና ይጣላል ብለው «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብቻ ነው ያስባሏቸው።

ወንድማማቾቹ የሰርካለም አባት አቶ አባይነህና አጎቷ አቶ ወንድምአገኝ ናቸው። አያቷ፣ የሁለቱ እናት፣ የሞቱት በክረምት ነበር። ታላቁ አቶ ወንድምአገኝ ያን ጊዜ ከወንዝ ማዶ፣ ዓለም ከተማ ይኖሩ ነበርና መርዶው የደረሳቸው ከቀብሩ በኋላ ነው። እናቴን ሳልሰናበት ቀበራት ብለው ዱላ ይዘው መጡ። ከዚያ ወዲያ ሞላሌ ተመልሰው ቢኖሩም፣ አንዱ በደብሩ ቅጥር በምሥራቅ በር ሲገባ ሌላው በምዕራቡ ይወጣል። አቶ አባይነህም «ጋሼ» ይሏቸው የነበሩትን ወንድማቸውን «ያ ሰውዬ» ማለት ጀመሩ።

ሰርካለም ይህን ጸብ ይዛ ነው ለጣቢያው ኃላፊ የቀረበችው። ስንት ዓመት የሰው ፕሮግራም ላይ ገመድ ስትጎትት ኖራ፣ «አግዳሚው» የመጀመሪያዋ የራሷ ፕሮግራም ነበር። ኃላፊው ግን አልሳቀላትም። «ተመልካቹ ግማሹ ዩቲዩብ ገብቷል፣ ግማሹ የቱርክ ድራማ ላይ ተጥዷል። የእውነት ሰው አምጪ። ጸብ አምጪ፣ እንባ አምጪ። ይህ ክፍል ካልሳበ ፕሮግራሙን እንዘጋዋለን» አላት።

እና አሁን ጸቡም እንባውም ካሜራ ሳያየው አለፈ።

«ግድ የለም፣ እንደገና እንጀምራለን» አለች። «ጋሼ ወንድምአገኝ፣ እዚህ ይቀመጡና ቅያሜዎን ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

መምሬ መስቀላቸውን አነሱ። «እንዴት ተደርጎ! የታረቁበትን ነገር ያነሳም ያስነሳም በሥላሴ ስም ግዝት ይሁንበት ብያለሁ።»

«ለቴሌቪዥን እኮ ነው አባቴ! ማስመሰል ነው።»

«ግዝት ማስመሰል አያውቅም።»

በዚያ አገር በግዝት አይቀለድም። ሁለቱም ሽማግሌዎች አፋቸውን ለጎሙ። ሰርካለም የአባቷ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ለኃላፊዋ የምትለውን ስታሰላ፣ ጠዋት የጠፋው መብራት መጣና የአባቷ ቴሌቪዥን ከውስጥ መጮህ ጀመረ። አቶ አባይነህ ድራማቸው ሊያመልጣቸው ነው! ዘለው ገቡ። መምሬም ተከተሉ። አቶ ወንድምአገኝ በሩ ላይ ትንሽ አመነቱና በርኖሳቸውን ሰብሰብ አድርገው የወንድማቸውን ደፍ ተሻገሩ።

ድራማው የሁለት የኢስታንቡል ሀብታም ወንድማማቾች ታሪክ ነው። አባታቸው ሞቶ፣ ታናሹ ለታላቁ ሳያስነግር ቀብሮታል። ታላቁ ደርሶ በሩን እየደበደበ፣ ጥርት ባለ አማርኛ ይሳደባል።

«ይህ ታናሽ ጥጋበኛ ነው» አሉ አቶ ወንድምአገኝ። «ወንድሙን ሳይጠራ አባቱን ይቀብራል?»

«አለመጥራቱ በምን ይታወቃል?» አሉ አቶ አባይነህ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ። «መልእክተኛ ልኮ ቢሆንስ?»

«የታል መልእክተኛው? እኔ አላየሁም።»

«መንገድ ላይ ነዋ። ወንዙ ሞልቶበት፣ ማዶ ቆሞ ቆሞ ተመልሶ ቢሆንስ?»

ቴዎፍሎስ ወደ ሰርካለም ጠጋ ብሎ «ይሄ ወንዝ ከየት መጣ?» አለ በሹክሹክታ። እሷ ግን አልሳቀችም። መልእክተኛ ተልኮ እንደነበር ሰምታ አታውቅም። አጎቷም እንዳልሰሙ ፊታቸው ይናገራል።

«ቅረጽ» አለችው።

«ይሁን፣ ወንዙም ሞላ» አሉ አጎቷ ድምፃቸው ወርዶ። «ታዲያ ለምን በኋላ አይነግረውም? ሰውዬው ይኸው ወንድሜ ናቀኝ እያለ ነው የሚኖረው።»

«ዱላ ይዞ ለመጣ ሰው ምን ይነገረዋል? ታናሹም ከፍቶት ነበር። ታላቅ እንደሌለው ሰው ብቻውን ቆሞ ነው አፈር ያለበሰው።»

«እናታችንን...»

መምሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አባቱን ማለቴ ነው» አሉ አቶ ወንድምአገኝ ቶሎ ብለው። «አባቱን ሳይሰናበት የቀረ ሰው ዱላ ቢያነሳ አይፈረድበትም።»

«አይፈረድበትም» አሉ አቶ አባይነህ።

ድራማው አልቆ የሳሙና ማስታወቂያ መጣ። ማንም አልተነሳም። አቶ አባይነህ ለመምሬ ጠላ ቀዱ፤ ለወንድማቸውም በሁለት እጃቸው አቀረቡ።

«ጋሼ፣ ይጠጡ እንጂ።»

አቶ ወንድምአገኝም በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። «ይሄ ድራማ ነገም አለ?» አሉ።

«በየቀኑ ነው።»

«እንግዲያው ነገም እመጣለሁ።»

ሰርካለም ወደ መምሬ ጎንበስ አለች። «አባቴ፣ ግዝቱስ?»

«የምን ግዝት? እኔ የሰማሁት የቱርኮቹን ነገር ነው» አሉና ጠላቸውን ተጎነጩ።

ዘወር ስትል የካሜራው ዓይን እሷው ላይ ተተክሏል።

«ምን ትሠራለህ? እነሱን አትቀርጽም!»

«እነሱንማ ይዣለሁ» አለ ቴዎፍሎስ። «ኃላፊው እንባም ብሎ የለ?»

ጉንጯን ስትዳስሰው ርሷል። ልጅ ሳለች ትከሻቸው ላይ አድርገው ገበያ ይወስዷት የነበሩትን አጎቷን፣ አባቷን ፈርታ፣ ስንቴ አንገቷን ሰብራ አልፋቸዋለች! እጇን አንስታ ሌንሱን ልትሸፍን ነበር። መልሳ ጭኗ ላይ አሳረፈችው።

«አትቁረጠው» አለች።