አርባ ሦስት አድራሻዎች

ወጣቱን ሰፈሩ ሁሉ «ፕሮፌሰር» ይለው ነበር። የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፤ ግን የተበላሸ ሬዲዮም ይሁን የተጣላ ባልና ሚስት እሱ ዘንድ ሳይቀርብ አይቀርም። ኩላሊቱ ከታመመ በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል የኩላሊት እጥበት ላይ ሲውል፣ ሕሙማኑ ተራቸውን ለማወቅ ብቻ ከሩቅ እየተመላለሱ ሲንገላቱ አየ። ከኢንተርኔት እየለቃቀመ ተማረና ተራቸውን በስልካቸው የሚያዩበት ድረ ገጽ ሠራላቸው። ድረ ገጹ የሚሠራው እቤት አልጋው አጠገብ ካለች አሮጌ ኮምፒውተር ነበር።

እሱ ካረፈ በሦስተኛው ሳምንት የእጥበት ክፍሉ ነርስ፣ ሁሉም «ሲስተር» የሚሏት፣ ለእህቱ ደወለች።

«ገጹ ይከፈታል፣ ይጠፋል። ትናንት ሁለት ሰዎች በከንቱ መጥተው ተመለሱ።»

ታላቅ እህቱ በሌላ ከተማ የምትሠራ ፕሮግራመር ናት። ፈቃድ ጠይቃ መጣች። አሮጌዋ ኮምፒውተር እየተንገጫገጨች ልትሞት ደርሳለች፤ ስለዚህ ፋይሎቹን ሁሉ ሌት ተቀን ወደሚሠራ የኪራይ ኮምፒውተር፣ ወደ ሰርቨር፣ ገለበጠቻቸው። ገጹን ስትከፍተው ግን ነጭ ሆነ። «ፋይሉ አልተገኘም» ይላል።

«ምን አጣ?» አለች እናቷ፣ በሩ ላይ ቆማ።

«ገጾቹ የሚጋሯቸው ፋይሎች አሉ፣ እማ፤ እነሱም የተራውን ዝርዝር ከሌላ ፋይል ነው የሚጠሩት። አድራሻውን ግን በዚህ ኮምፒውተር፣ በሱ ስም በተሰየመው ፎልደር በኩል ነው የጻፈው። አዲሱ ማሽን ላይ እንዲህ የሚባል ፎልደር የለም።»

«ያ ሁሉ ብልህነቱ! ለምን እንዲህ አደረገው?»

እህቱ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ለምን እንደሆነ ታውቃለች።

ከአራት ወር በፊት ደውሎላት ነበር። «እታለም፣ አንድ ነገር ግራ አጋብቶኛል። ፊት ያለው ገጽ ዝርዝሩን ያገኘዋል፤ ፎልደር ውስጥ ያለው ገጽ ግን ያንኑ ፋይል አላየሁም ይላል። ሁለቱ የሚጋሩት ፋይል ላይ ‹አንድ ፎልደር ወደ ኋላ ተመለስ› ብዬ ስጽፍ ደግሞ የፊተኛው ይበላሻል። የትኛውን ላስቀይም?»

የአምስት ደቂቃ ነገር ነበር። አድራሻው የሚለካው ከተጻፈበት ፋይል ሳይሆን መጀመሪያ ከተከፈተው ገጽ ነው፤ «እኔ ራሴ ካለሁበት ፎልደር ጀምር» የምትል አንዲት ቃል ብትጨመር ሁሉም ይስተካከላል። እሷ ግን «ስብሰባ ላይ ነኝ፤ ቅዳሜ እደውልልሃለሁ» አለችው። ቅዳሜው አለፈ። ሌላም ቅዳሜ አለፈ። እሱም ሁለተኛ አልጠየቃትም፤ ከራሱ ፎልደር የሚጀምር ሙሉ አድራሻ ጽፎ ተገላገለ።

የመጀመሪያውን ፋይል ከፈተችው። ከረጅሙ አድራሻ በላይ በራሱ አነጋገር ማስታወሻ አስቀምጧል፦ «ይሄ ለጊዜው ነው። እህቴ ስትመጣ በወጉ ታስተካክለዋለች።»

ሁለተኛውም ላይ አለ። ሦስተኛውም ላይ። አርባ ሦስቱም ፋይሎች ላይ ያንኑ ገልብጦታል።

ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ መለወጥ ትችል ነበር፤ እጇ እምቢ አላት። አንድ በአንድ እየከፈተች፣ እያነበበች ማስተካከል ያዘች። ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።

እናቷ ደነገጠች። «ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም፣ እማ። ሲጠብቀኝ ነበር።»

እናቷ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠችና እስክትጨርስ ጀርባዋን ስታሻት ቆየች።

በማግስቱ ጠዋት ሲስተር ደወለች። «ተከፈተ! ሁሉም እያየው ነው፣ እጅሽ ይባረክ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትቀየሚኝ። ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁለተኛው አልጋ ላይ አሁንም የሱ ስም ነው ያለው። እኛ ለመሰረዝ አልጨከንንም። ተራ የምትጠብቅ አንዲት ሴትዮ ደግሞ አለች…»

«ስሟን ንገሪኝ» አለች እህቱ።

ሲስተር ፊደል በፊደል እየነገረቻት እህቱ ዝርዝሩ ውስጥ ጻፈችው። ገጹን በስልኳ ስትከፍት የወንድሟ ቦታ ላይ የማታውቃት ሴት ስም ወጥቷል። ስልኩን ለእናቷ ሰጠቻት።

እናቷ መነጽሯን አድርጋ ስሙን ቀስ ብላ አነበበችው። «ልጆች አሏት?»

«አላውቅም፣ እማ።»

«እግዜር ይማራት» አለች እናቷ፤ ስልኩንም ሳትመልስላት ብዙ ቆየች።