ውኃ ያልነካው ስንዴ

የጎጃም ሰውን «ከቤትህ የቦካ ነገር ሁሉ አውጣ» ማለት፣ ግድግዳውን ብቻ አስቀርተህ ሌላውን ተሸከም ማለት ነው። ያዘዙኝ ግን አማቴ ናቸው፤ ከአማት ጋር ደግሞ አይከራከሩም።

እማማ ምሥራቅ ቤተ እስራኤል ናቸው። የፋሲካቸውን ቂጣ ሥልሳ ዓመት በእጃቸው ጋግረዋል፤ አንድም ዓመት አልዘለሉም። ባለቤታቸው ሲሞቱ ከጎንደር ደብረ ማርቆስ እኛ ዘንድ መጡ፤ ከነድንጋይ ወፍጯቸው። የአውቶቡሱ ረዳት «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ቢላቸው፣ «ጥርሴ ነው» ብለውት አረፉ።

በዓሉ በሚገባበት ቀን ጠላውን፣ አረቄውን፣ ስልጆውን፣ ሊጡን ከነቡሃቃው ለጎረቤታችን ለአቶ ፍሥሐ አሻገርሁ። አቶ ፍሥሐ የጠላውን ክዳን ከፈት አድርገው፣ «ይህ በዓል በዓመት ስንት ጊዜ ነው?» አሉኝ።

እማማ ምሥራቅ ስንዴውን ወር ሙሉ ለቅመው፣ ራሳቸው ፈጭተው፣ በአዲስ ገበቴ አስቀምጠውታል። ሕጉ አጭር ነው፤ ዱቄቱ ውኃ ከነካው ወዲያው እሳት ላይ መዋል አለበት። ከቆየ ይቦካል፤ ከቦካ በዓሉ የለም።

ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ እሳቸው ገላቸውን ሊታጠቡ ገቡ። ይኼኔ እናቴ የብርጓል ሳትነግረን ከደብረ ኤልያስ ከተፍ አለች። እኔና ባለቤቴ መቅዲ ጓሮ እንጨት እንፈልጣለን። እናቴ ወጥ ቤት ገብታ ብትቃኝ ዱቄት አለ፣ እርሾ የለም። ለደብረ ኤልያስ ሴት የምራቷን ቤት ያለ እርሾ ማግኘት ለቅሶ ቤት ከመግባት አይተናነስም። አንጀቷ አልቻለም፤ አቶ ፍሥሐ ቤት ሮጣ አንድ ጣሳ እርሾ አመጣች፤ ዱቄቱ ላይ ገልብጣ አሸችው።

እማማ ምሥራቅ ፀጉራቸው እንደራሰ ገቡ። በሩ ላይ ቆመው ሽታውን ሳቡት።

«እርሾ» አሉ። መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እኔና መቅዲ ከጓሮ ገባን።

«እማ፣ ከወፍጮ ቤት ዱቄት ልግዛ?» አለች መቅዲ።

«የወፍጮ ቤት ዱቄት የማን ሊጥ እንደነካው በምን አውቃለሁ? ተይው። ዘንድሮ ቀረ።»

«ምን አጠፋሁ?» አለችኝ እናቴ። ነገርኋት። እጇን፣ ሊጡ ያልለቀቀውን እጇን፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ከራሷ አርቃ ያዘችው። ከዚያ ለመቅዲ፣ «ይዣት የመጣሁትን ከረጢት ክፈቻት፤ እኔ አልነካትም» አለች።

ነጭ ከረጢት ውስጥ ስንዴ ነበር፤ መገበሪያ፣ የቅዳሴው ኅብስት የሚጋገርበት። ልጄ ሥራ ካገኘ ለቤተ ክርስቲያን አስገባለሁ ብላ የተሳለችው ነው። ስድስት ዓመት ዘግይቷል፤ ጥፋቱ የሷ አይደለም።

እማማ ምሥራቅ ጎንበስ ብለው አዩት። «ውኃ ነክቶታል?»

«ተለቀመ እንጂ አልታጠበም። አንዲት እንክርዳድ ቢያገኙ የብርጓል አይበሉኝ።»

«ይህ ለእግዜር የተሰጠ ነው። እንዴት እወስዳለሁ?»

«እርስዎስ ለማን ሊጋግሩት ነው?»

እማማ ምሥራቅ ፀሐይዋን አዩ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል፤ ስትጠልቅ በዓሉ ይገባል።

«እንግዲያስ እጅዎን ይታጠቡ። እስከ ክርንዎ። ጥፍርዎንም ይቁረጡ።»

«ኧረ ቄሱም እንዲህ አላዘዙኝ!»

«የሳቸውን ዱቄት አላበላሹማ!»

እናቴ እየሳቀች ጥፍሯን ቆረጠች። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። ሁለቱ አሮጊቶች እየተፈራረቁ ወፍጮው ሥር ተንበረከኩ፤ አንዷ ትፈጫለች፣ አንዷ በነጭ ጨርቅ ትቀበላለች። ስለ ባህል ተከባብሮ መኖር ኮርስ ወስጄ ኤ ያገኘሁ ሰው ነኝ፤ እንጨቱን ታቅፌ በር ላይ ደርቄ ቀረሁ። የሚሰማው የድንጋዩ ድምፅና ትንፋሻቸው ብቻ ነው። የእናቴ ጉልበት ያማታል፤ ተራዋ ሲደርስ ግን «ይበቃዎታል» ቢሏት አልተነሣችም።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ውኃው ፈሰሰ። እማማ ምሥራቅ ማሰሮ ሲያነሱ የሚንቀጠቀጠው እጃቸው ቀጥ አለ። አሹት፣ ዳመጡት፣ አዲሱ ምጣድ ላይ ጣሉት፤ እኔ አንድ ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ ብገልጥ ሊጥ የሚባል ነገር አልቀረም። ቂጣው ጠፍጣፋ፣ ነጭ፣ አንዲት ዓይን ያልወጣበት።

የመጀመሪያውን ቆርሰው በሁለት እጃቸው ለእናቴ ዘረጉላት። «ዱቄትና ውኃ ነው። ጾምዎን አያስገድፍዎትም።»

እናቴ ተነሥታ ቆመች። ቅዳሴ እንደምትቆመው ነጠላዋን አጣፋች፤ ከዚያ ሁለት እጇን ዘረጋች።