እጄን ሳነሳ ትጀምሪያለሽ

በሆስፒታሉ ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። በሲቲ ስካን ማሽኑ አልጋ ላይ ታካሚ ባስተኛች ቁጥር «ትንፋሽ ይሳቡ፣ ይያዙ፣ አሁን ይልቀቁ» ስትል ስለምትውል፣ ከጥበቃው እስከ ሐኪሙ ሁሉም የሚጠራት እትዬ ትንፋሽ እያለ ነው። በዚህ ቅር ብሏት አያውቅም። ቅር ያሰኛት ሌላ ነው፤ ወገቧ ከተጎዳ በኋላ «በቃሽ፣ አሁን ጡረታ ውጪ» መባሏ።

«እኔ መቼ በቃኝ አልኩ?» ትላለች፣ የሚሰማት ሰው ባገኘች ቁጥር።

ወገቧን የጎዳው የሰው እጥረት ነው። ባልደረቦቿ የተሻለ ሥራ እያገኙ አንድ በአንድ ሄዱ። ብቻዋን ስትቀር፣ ሁለት ሰው ሊያነሳው የሚገባውን ግዙፍ ታካሚ ጎንበስ ብላ ብቻዋን አነሳች። ሰውየው አልጋው ላይ በሰላም አረፈ፤ እሷ ግን ቀና ማለት አቃታት። ከዚያን ቀን ወዲህ እግሮቿ እሺ አላሏትም፤ የምትንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። ክፍሉ ተቆለፈ፤ ታካሚዎችም ለምርመራ ሌላ ከተማ ድረስ ይንከራተቱ ጀመር።

ከዕለታት አንድ ቀን ሆስፒታሉ ማሽኑን ከሩቅ ሆኖ በኮምፒውተር ማዘዝ የሚያስችል ዘዴ ሊያስገባ መሆኑን ሰማች። ወዲያው ዊልቸሯን እየገፋች ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። ሥራ አስኪያጁ ወጣት ሐኪም ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ብቻ ችግር ሲያይ ቶሎ ከፊቱ ዞር እንዲልለት ይፈልጋል።

«እትዬ፣ ማሽኑን ከሩቅ የሚሠራልን የውጭ ድርጅት አግኝተናል። አንቺ ማረፍ ነው ያለብሽ።»

«ዶክተር፣ የተጎዳው ወገቤ እንጂ ዓይኔ አይደለም። ማሽኑን ከሩቅ ለሚያዝ ሰው እግር ምን ያደርግለታል?»

«ብትሳሳቺስ?»

«በእግሬ ስቆም ስንቴ ተሳሳትኩ?»

በመጨረሻ አንድ የሙከራ ቀን ፈቀደላት። የዚያን ቀን ምስሎች ጥርት ብለው ከወጡ ሥራዋ ላይ ትቆያለች። ደብዝዘው ከወጡ ግን ያለ አንዳች ክርክር ትሰናበታለች።

ቀኑ ደረሰ። መኝታ ቤቷ ውስጥ፣ ከቁም ሳጥኑ ጎን፣ ሁለት ስክሪኖች ተደረደሩላት። በአንደኛው ማሽኑን ታዛለች፤ በሌላኛው የምርመራ ክፍሉን በካሜራ ታያለች። እዚያ ያለችው አንዲት ነርስ ብቻ ናት፤ ታካሚውን ታስተኛለች፣ መርፌ ካስፈለገ ትወጋለች፣ ከዚያ ከመስታወቱ ጀርባ ትሸሸጋለች። የቀረው ሁሉ የእትዬ ትንፋሽ ነው።

ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ስትቆልፍ ባለቤቷ ከበሩ ብቅ አለ። ልብስ ሰፊ ነው፤ የስፌት መኪናው ያለው ከግድግዳው ወዲያ ነው።

«ለማን ነው ይሄ ሁሉ? ማን ሊያይሽ?»

«እኔ አየዋለሁ። አንተ ብቻ ያንን መኪናህን አታንኳኳብኝ።»

የመጀመሪያው ታካሚ ለራስ ምርመራ የመጣ ነበር፤ ምስሉ ጥርት ብሎ ወጣ። ደስታዋ ግን ዕድሜ አላገኘም። ቀጥሎ የመጣው የደረት ምርመራ ደበዘዘ። ከሱ ቀጥሎ የሆድ ምርመራ መጣ፤ እሱም ደበዘዘ። ሰዎቹ እየተነፈሱ እንደተነሱ ያስታውቃል። እሷ ግን «ይያዙ» ብላ ነው ቁልፉን የተጫነችው፤ ስትሠራ እንደኖረችው። ሰውን ደጋግሞ በጨረር መምታት ስለማይገባ «እንደገና» ብላ ማዘዝ አልደፈረችም።

«እትዬ፣ ምን እንበል?» አለች ነርሷ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ዶክተር ምስሎቹን እያየ ነው።»

«ቀጣዩን አስገቢ።»

ቀጣይዋ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ትከሻቸው ሰፊ፣ አንገታቸው ቀጥ ያለ። ዕድሜ ልካቸውን የትራፊክ ፖሊስ ሆነው ስለኖሩ እስከ ዛሬም ሰው ሁሉ ሳጅን ይላቸዋል። ሳላቸው አልለቅ ስላላቸው ደረታቸውን ሊታዩ መጥተዋል። ነርሷ አስተኝታቸው ሁለት እጃቸውን ከራሳቸው በላይ ትራሱ ላይ አሳረፈችላቸው።

«እንደምን አደሩ ሳጅን?» አለች እትዬ ትንፋሽ በማይኩ። «ትንፋሽ ይያዙ ስልዎት ይይዛሉ።»

ሳጅን ትንሽ ቆይተው ጣሪያውን ገላመጡት።

«ማነው ደግሞ ይሄ ከጣሪያ ውስጥ የሚያዘኝ?»

«የማሽኑ ባለሙያ ነኝ፤ እቤቴ ሆኜ ነው።»

«እቤትሽ! እኔ እዚህ ራቁቴን ልሆን ምን ቀረኝ፣ አንቺ እቤትሽ!»

«እግሬ አልሄድ ብሎ ነው እንጂ ጎንዎት ነበርኩ።» ይህን ለማንም መናገር አትወድም፤ ዛሬ ግን አመለጣት። «ወገቤን እዚያው ክፍል ውስጥ ትቼ ነው የመጣሁት።»

ሳጅን ፊታቸውን ወደ ካሜራው መለሱ።

«እንዲህ ነዋ» አሉ ድምፃቸው ለስለስ ብሎ። መልሰው ግን ኮስተር አሉ። «ቢሆንም ለማላየው ሰው አልታዘዝም። እኔ ስንቱን ከባድ መኪና በዚህ እጄ ያቆምኩ ሴት ነኝ! የገዛ ትንፋሼን የማቆመው እኔ ነኝ። ሲቆም መዳፌን ቀጥ አደርጋለሁ። እጄን ሳነሳ ትጀምሪያለሽ፤ ከዚያ በፊት ወዲያ በይልኝ!»

እትዬ ትንፋሽ ልትከራከር አፏን ከፈተች። ከፍታም ቀረች። ጠዋቱን ሙሉ ነርሷን ስትጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ ዘግየት ብሎ ነበር የሚደርሳት። ልብ አላለችውም እንጂ ድምፅዋም እዚያ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ቁልፉን ስትጫን ግን ማሽኑ ወዲያው ይነሳል! ታካሚው «ይያዙ» የሚለውን ሳይሰማ ማሽኑ ሥራ ጀምሯል ማለት ነው። የራስ ምርመራው የተረፈው ትንፋሽ መያዝ ስለማያሻው ነው። ሳጅን እጃቸውን ካነሱ በኋላ ከጀመረች ግን፣ ምስሉ እሷ ጋ ዘግይቶ ቢደርስም እንኳ ትንፋሹ አስቀድሞ ቆሟል።

«እሺ ሳጅን» አለች። «የሚያዙት እርስዎ ነዎት። እጅዎን እስኪያወርዱት ድረስ ብቻ አይተንፍሱ... አይ፣ ማሽኑ ዝም እስኪል ድረስ።»

«አሁን ተግባባን።»

ይህን ጊዜ በሩ ተከፈተ። ሥራ አስኪያጁ ፊቱን አጨፍግጎ ገባና ቀና ብሎ ካሜራውን አየ።

«እትዬ፣ ይቅርታ፣ በቃ እናቁመው። ሁለቱ ምስሎች አይነበቡም። ሰዎቹን ወደ ሌላ ሆስፒታል እንልካለን።»

«ቀኑን ነው የሰጡኝ ዶክተር። ቀኑ ገና አላለቀም።»

«እትዬ...»

«ስማ አንተ ልጅ!» አሉ ሳጅን ከተኙበት። «በሩ ላይ አትግቡ የሚለው ቀይ መብራት በርቷል አይደል?»

«በርቷል፣ ግን...»

«ቀይ መብራት ጥሰህ ነዋ የገባኸው! ሥራ ላይ ብሆን መንጃ ፈቃድህን እነጥቅህ ነበር። ውጣ፣ መንገድ ልቀቅ!»

ነርሷ ሳቋን በእጇ አፈነች። ሥራ አስኪያጁ ጆሮው ቀልቶ ነርሷን ተከትሎ ከመስታወቱ ጀርባ ገባ። ከግድግዳው ወዲያ የስፌት መኪናው ድንገት ቀጭ ቀጭ ማለት ሲጀምር፣ እትዬ ትንፋሽ በክርኗ ግድግዳውን ደበደበችው። ፀጥ አለ።

ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ተከለች። የሳጅን ደረት ከፍ አለ፣ ቆመ። ከራሳቸው በላይ የተኛው እጅ ተነሳ፤ መዳፉ ቀጥ አለ። ምን ዓይነት መኪና ነው ያንን እጅ አይቶ የማይቆመው! ቁልፉን ተጫነች።

ምስሉ ወጣ። ጥርት ያለ ነበር፤ የሳንባው ቅርንጫፍ እስከ ጫፉ ድረስ ይቆጠራል።

ከመስታወቱ ጀርባ ሁለቱም ምስሉ ላይ አቀረቀሩ።

«ይሄኛው ጥሩ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ በመጨረሻ።

«የቅድሞቹም ጥሩ ይሆናሉ። ጥፋቱ ድምፄ መዘግየቱ ነው፤ ያንን ቀድሜ መሞከር ነበረብኝ። ሰዎቹን ይጥሩልኝ፤ እኔው ነኝ ያበላሸሁት፣ እኔው አስተካክላለሁ። ከእንግዲህ እጁን ሳያነሳ ምስል የሚነሳ ሰው የለም።»

ሥራ አስኪያጁ አንገቱን አከከ።

«ያንን የውጭ ድርጅት ታዲያ ምን ልበለው? መልስ እየጠበቀ ነው።»

እትዬ ትንፋሽ የጋዋኗን ኮሌታ አስተካከለች።

«ሰው አለን ይበሉት።»

«ደግ ብለሻል!» አሉ ሳጅን፣ ከአልጋው እየወረዱ።